አንድ ግቢ፣ አምስት ወራሾች፦ የአንድ ቤት ክፍፍል ክርክር የጉዳይ ጥናት

እህትና ወንድም በወላጆቻቸው ቤት ሲካሰሱ ማየት ያማል። ጥብቅና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይህን ደጋግሞ ያያል። ይህን ጉዳይ መርጬ የጻፍኩት ብዙ ቤተሰብ የሚገጥመው ጣጣ ሁሉ በአንድ መዝገብ ውስጥ ስላለ ነው፦ የቃል ኑዛዜ፣ ከሌላ እናት የተወለደች ልጅ፣ ውጭ አገር ያለ ወራሽ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራ ሰርቪስ፣ ያልተተሳሰበ ኪራይ። ባለጉዳዮቹ እንድጽፈው ፈቅደዋል። ስማቸውን፣ ሰፈራቸውንና ሥራቸውን ትቻለሁ። እኔ የቆምኩት በግቢው ለምትኖረው እህት ነበር። ስለዚህ ነገሩን ያየሁት ከእሷ በኩል ነው፤ አንባቢ ይህን ይያዝልኝ።

የጉዳዩ መነሻ

ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቆየ ሰፈር ይገኛል። ቦታው 280 ካሬ ሜትር ነው። አባትየው በደርግ ጊዜ በምሪት አግኝተው ከባለቤታቸው ጋር ቤት ሠሩበት። ፊት ለፊት ዋናው ቤት አለ። ጭቃ ነበር፤ ኋላ ላይ በብሎኬት ሁለት ክፍል ተቀጠለለት። ከጓሮ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ካርታው በአባትየው ስም ብቻ ነው።

አባትየው በ2001 ዓ.ም. አረፉ። ያኔ ማንም ስለ ውርስ አላነሳም። እናት እያሉ «ቤቱ ይካፈል» ማለት ነውር ነው። እናትየው በ2011 ዓ.ም. ሲያርፉ የሁለቱም ውርስ በአንድ ላይ መጣ።

ከትዳሩ አራት ልጆች ተወልደዋል። ታላቅየው ወንድም ክፍለ አገር ቤተሰብ መሥርቶ ይኖራል። ሁለተኛዋ ከእናቷ ጋር በግቢው የቀረችው ናት፤ በእናቷ የሕመም ዘመን ያስታመመችው እሷ ናት። ሦስተኛው አሜሪካ ነው፤ ዜግነትም ቀይሯል። የመጨረሻዋ ዱባይ ትሠራለች። ሰርቪሶቹ የተሠሩት በአብዛኛው እሷ በላከችው ገንዘብ ነው። አምስተኛዋ አባትየው ከጋብቻው በፊት የወለዷት ልጅ ናት። አድጋ የራሷ ኑሮ አላት፤ ለበዓል ወደ ግቢው ትመጣ ነበር።

ድርሻው እንዴት ይሰላል?

አምስቱም መጀመሪያ ላይ የመሰላቸው ቤቱ ለአምስት እኩል እንደሚካፈል ነው። ታላቅየው ደግሞ «የአባታችን ልጅ በእናታችን ቤት ምን አላት?» ይል ነበር። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ ካርታው በአባትየው ስም ቢሆንም የቤቱ ግማሽ የእናትየው ነው። የአባትየው ግማሽ ለአምስቱም ልጆቻቸው እኩል ይደርሳል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ በጋብቻ ውስጥ መወለድና አለመወለድ ለውጥ አያመጣም። የእናትየው ግማሽ ግን ለአራቱ ልጆቻቸው ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ቤቱ 10 ሚሊዮን ብር ያወጣል ብንል፣ የአባት ግማሽ 5 ሚሊዮን ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ነው። የእናት ግማሽ 5 ሚሊዮን ለአራት ሲካፈል 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ነው። አራቱ 2 ሚሊዮን 250 ሺህ ያገኛሉ፤ አምስተኛዋ 1 ሚሊዮን። ይህን ሂሳብ በወረቀት ላይ ሲያዩት ግማሹ ጠብ በረደ። አምስተኛዋም ከዚህ በላይ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ሁሉም የሌላውን ፍላጎት በግምት ነበር የሚያወራው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሰው «መሬታችንን እንካፈል» ይላል። በኢትዮጵያ ግን መሬት የግል ሆኖ አይሸጥም። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ደንግጓል። ወራሾች የሚካፈሉት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ትልቅ ገንዘብ የሚያስከፍል ወይም የሚያድን ሆኖ ተገኝቷል።

ከክሱ በፊት የተሞከረው

መጀመሪያ የተጠሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለቱ ከዕድር፣ አንዱ የንስሐ አባት። ብዙ ደከሙ። ሁለት ነገር አሳኩ። አምስተኛዋ ወራሽ መሆኗን ታላቅየው እንዲቀበል አደረጉ፤ ይህንንም በቃለ ጉባኤ ጽፈው አስፈረሙ። ያ አንድ ገጽ ወረቀት ኋላ ብዙ ነገር አዳነ። የውርስ ጥያቄ የሦስት ዓመት ይርጋ አለው፤ ይርጋ ማለት ካለፈ መብትን መጠየቅ የሚያስቀር የጊዜ ገደብ ነው። ይርጋ ደግሞ ተከራካሪው ካላነሳው ፍርድ ቤት በራሱ አያነሳውም። ታላቅየው ሊያነሳው አስቦ ነበር፤ ፈርሞ የተቀበላትን እህት ጊዜው አልፎብሻል ማለት ግን ከበደው፤ ተወው።

ያልተሳካው ዋናው ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ «እህታችሁ ቤት እስክታገኝ ትኑርበት፣ ከዚያ ትካፈላላችሁ» አሉ። ቀን የለውም። ገንዘብ የለውም። ሰርቪሶቹን ማን እንደሚያከራይ አልተነሳም። ሁሉም «እሺ» ብሎ ተነሳ፤ ሁሉም የየራሱን ተረዳ።

ታላቅየው በዚህ መሐል ትዕግሥቱ አለቀ። በደላላ በኩል ድርሻውን ለውጭ ሰው ለመሸጥ ተዋዋለና ቀብድ ተቀበለ። የጋራ ባለሀብት የራሱን ድርሻ መሸጥ ይችላል። ግን ሕጉ ለሌሎቹ ባለድርሻዎች የቀዳሚነት መብት ይሰጣል፤ ገዥውን ቀድመው መግዛት ይችላሉ። እህቶቹ ይህን መብት እንደሚጠቀሙ በጽሑፍ አስታወቁ። ገዥው በክርክር ውስጥ ያለ ቤት አልፈልግም አለ። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካልፈጸመ እጥፉን መመለስ አለበት፤ ታላቅየውም እጥፉን መለሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው ንዴት ነው ክሱን ያስከፈተው። «ያሳደግኳት እህቴ አዋረደችኝ» ብሎ ነበር አሉ። እሷ ደግሞ «ጋሼ ቤቴን ለማላውቀው ሰው ሊሸጥብኝ ነው» ትል ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ፍርድ ቤት

ከክሱ በፊት የወራሽነት ማስረጃ መውጣት ነበረበት። አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። ለአባት አንድ፣ ለእናት ሌላ፣ ሁለት የተለያየ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወራሾቹ አንድ ዓይነት አይደሉምና። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ በአንዱ ብቻ ይመጣና ይመለሳል።

ክሱ በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ። ከሳሽ ታላቅየው፣ ተከሳሾች ሌሎቹ። መጀመሪያ የተደረገው እግድ ማውጣት ነው። ቤቱ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ትእዛዙ ለክፍለ ከተማው የይዞታ ክፍል ደረሰ። ቀጥሎ ፍርድ ቤቱ ውርስ አጣሪ ሾመ። ለእኔ በዚህ መዝገብ ውስጥ ከሁሉ የጠቀመው እርምጃ ይህ ነው። አጣሪው ወራሾቹን ለየ፣ ንብረቱን ዘረዘረ፣ የሟቾቹን ዕዳ ጠየቀ፣ ደረሰኝ ሰበሰበ። ሪፖርቱ ከጸደቀ በኋላ ክርክሩ ስለ ቂም መሆኑ ቀርቶ ስለ ዝርዝር ሆነ።

የኔ ደንበኛ ሁለት ነገር አንስታ ነበር። አንደኛው፣ እናቷ በሕይወት እያሉ «ቤቱ ያንቺ ነው» ማለታቸው። ምስክሮች ነበሯት፤ እውነት ብለውም ይሆናል። ግን በሕጋችን የቃል ኑዛዜ በጣም ጠባብ ነው። የቀብር ሥርዓትን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን አሳዳሪነትና ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም። እናትየው በጽሑፍ፣ በአራት ምስክር ፊት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ሄደው ቢናዘዙ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ይህን ለአንዲት እናቷን ለዓመታት ላስታመመች ሴት መንገር ከባድ ነው። ግን ከመጀመሪያው ነገርኳት፤ ተስፋዋን በማይቆም ነገር ላይ እንድታስር አልፈለግኩም።

ሁለተኛው የማስታመሚያ ወጪ ነው። እዚህ ላይ አንድ ደብተር አዳናት። የተከራዮቹን ኪራይ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብሩን፣ የጣሪያ ቆርቆሮ የቀየረችበትን፣ የመድኃኒቱን ሁሉ በእጅ ጽሑፍ ስትመዘግብ ኖራለች። የመድኃኒት ቤት ደረሰኞቹ በመሐል ገጾቹ ተጣብቀዋል። የጋራ ንብረት ፍሬ የሁሉም ነው፤ ኪራዩን ለብቻ መያዝ አትችልም። ወጪውም ግን የሁሉም ነው። የቀብር ወጪ ደግሞ ከውርስ ዕዳዎች ፊተኛው ነው። ደብተሩ ሲሰላ ወንድሞቿ ትበላዋለች ብለው ካሰቡት ኪራይ አብዛኛው ለቤቱና ለእናትየው እንደዋለ ታየ። የድካሟን ዋጋ ግን ማንም ፍርድ አልቆረጠላትም። ልጅ ለእናቱ ያደረገው አገልግሎት ያለ ስምምነት ወደ ደመወዝ አይለወጥም። ይህ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ከዱባይ ያለችው ደግሞ ለሰርቪሶቹ የላከችውን ጠየቀች። በባንክ የላከችው ተቆጠረላት። በሰው እጅ የላከችው፣ ያመጣው ሰው ባለመገኘቱ፣ አልተቆጠረም። ሌላ ችግርም ነበር። ሰርቪሶቹ የግንባታ ፈቃድ የላቸውም፤ በፕላኑ ላይ የሉም። የመጀመሪያው የባለሙያ ግምት ጭራሽ አልፏቸው ነበር። ተቃውሞ ቀርቦ በዕቃ ዋጋቸው እንዲካተቱ ተደረገ።

ቦታው በዓይነት፣ ማለትም ሳይሸጥ ራሱ ተቆራርሶ፣ መካፈል ይችል እንደሆነ ፍርድ ቤቱ የክፍለ ከተማውን የይዞታ ክፍል ጠየቀ። መልሱ ካርታው ለአምስት እንደማይከፈል ነው። ዋናው ቤት መሐል ላይ ስላለና ለጓሮው የብቻ መግቢያ ስለማይገኝ ለሁለት መክፈሉም አልተቻለም። ስለዚህ ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ ድርሻቸው በተሰላው መሠረት ይጸናል፤ ተስማምተው አንዱ ለሌላው ይክፈለው ወይም ይሽጡት፤ ካልተስማሙ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን ይካፈሉ።

ማንም የጋራ ባለሀብት ክፍፍል መጠየቅ ይችላል። ይህን ማስከልከል አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ይካፈል፣ አይካፈል» ብሎ ዓመታት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። እውነተኛው ጥያቄ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ዋጋ፣ ማን ምን ወጪ አድርጎ የሚለው ነው።

ሐራጁ

ፍርዱን የማስፈጸሚያ መዝገብ ተከፈተ። መነሻ ዋጋ ወጣ። ማስታወቂያው በጋዜጣ ታተመ፤ ተጫራች የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) እንዲያሲዝ ተጠየቀ። ሰዎች መጥተው ግቢውን አዩ። እህት ከነልጆቿ አለች፤ ተከራዮች አሉ። ማንም ሲፒኦ ሳያሲዝ ቀረ። ሰው የሚኖርበትን ቤት ገዝቶ ሌላ የማስለቀቅ ክርክር ውስጥ መግባት የሚፈልግ ጥቂት ነው።

ቀጣዩ ሁለተኛ ሐራጅ ነበር። በሁለተኛው ንብረቱ ከመነሻው ባነሰ ሊሄድ ይችላል። በዚያ ላይ ገዥው የውጭ ሰው ከሆነ ሌላ ነገር ይመጣል። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) በውርስ ሲተላለፍ ነባርነቱ ይቀጥላል። ከውርስ ውጭ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ግን አዲሱ ባለመብት ወደ ሊዝ ይገባል፤ ለቦታው ለመንግሥት በውል ይከፍላል። ገዥ ይህን ወጪ አስቦ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። በሐራጁ የሚጎዳው አንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ አምስቱም ነበሩ። ታላቅየውን ጨምሮ።

ይህን በቁጥር ጽፌ ለሁሉም ጠበቆች ላክሁ። ምላሹ ከጠበቅኩት በላይ ነበር።

ስምምነቱ

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 የአስማሚነት አገልግሎት አላቸው። ጉዳዩ ወደዚያ ሄደ። በመጀመሪያው ቀን አምስቱም ተወክለው ተቀመጡ፤ ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ ግን መፈረም አልተቻለም። ምክንያቱ ውክልና ነው። አሜሪካ ያለው ወንድም ለአጎቱ ልጅ የሰጠው ውክልና «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ወኪል የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመታረቅና ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። አዲስ ውክልና በኤምባሲ በኩል ተረጋግጦ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ አልፎ እስኪደርስ ወራት አለፉ። የክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍትም ተጨመረበት።

ውክልናው ሲደርስ ስምምነቱ ቀላል ሆነ። በዋጋው ላይ ሁለት የግል ገማቾች ተቀጠሩ፤ በከሳሽ በኩል አንድ፣ በተከሳሾች በኩል አንድ። መሐከሉ ተወሰደ። የፍርድ ቤቱ ግምት በግንባታ ዋጋ ላይ ያተኮረ ስለነበር ከገበያው ያነሰ ነበር፤ ታላቅየውን ያስቆጣውም አንዱ ይህ ነው። ታላቅየውና አምስተኛዋ ድርሻቸውን በገንዘብ ወስደው ወጡ። ገንዘቡን አብዛኛውን የከፈለው አሜሪካ ያለው ወንድም ነው፤ ግማሹ ሲፈረም፣ ቀሪው በሁለት ዙር በባንክ። ቤቱ ለሦስቱ ቀረ። አሜሪካ ያለው ወንድም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ስለነበረው ዜግነቱ እንቅፋት አልሆነበትም።

ሰነዱ እንደ ውርስ ክፍፍል እንጂ እንደ ሽያጭ ውል እንዳይጻፍ ተጠነቀቅን። ምክንያቱ ያው ነባር ይዞታው ነው። ስምምነቱ በ2016 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ጸደቀ፤ እንደ ፍርድም ይፈጸማል።

የጠቀመውና ያልጠቀመው

የውርስ አጣሪ መሾም፣ የእህትየዋ ደብተርና የሽማግሌዎቹ ቃለ ጉባኤ ጉዳዩን ተሸክመውታል። ያለ እነሱ ዛሬም ሰበር ሰሚ ችሎት ላይ ሊሆን ይችል ነበር። እግዱም በጊዜው ወጥቷል።

ያልጠቀመው ብዙ ነው። ቀን የሌለው የሽማግሌ ውሳኔ ሁለት ዓመት በላ። የድርሻ ሽያጩ ለማንም አልበጀም። የቃል ኑዛዜ ክርክሩ ምስክር ሲሰማበት ጊዜ ወሰደ፤ ውጤቱ ግን ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር። የታላቅየውና የእህትየዋ መቀራረብም ገና ነው። በቅርቡ ለእናታቸው ዝክር አብረው ተቀምጠዋል፤ ከዚያ በላይ ማለት አልችልም።

የሦስቱ ጋርነት ደግሞ ሌላ የጋራ ባለሀብትነት ነው። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ውል ጻፉ። እህትየዋ በዋናው ቤት ትኖራለች፤ የሰርቪሶቹ ኪራይ በአንድ የባንክ ሂሳብ ይገባል፤ ግብርና ጥገና ከዚያው ይከፈላል፤ መውጣት የፈለገ ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ዋጋው በገማች ይወሰናል። ይህ ውል አምስት ገጽ አይሞላም። ወላጆቹ ባረፉ ሰሞን ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ክሱ ባልኖረም ነበር።

ለሌሎች ቤተሰቦች

በዚህ መዝገብ ያየሁትን ለሌላ ቤተሰብ ስመክር ከድርሻው ሂሳብ እጀምራለሁ። የአባትና የእናት ውርስ ለየብቻ ይሰላ። ከዚያ የወራሽነት ማስረጃው ለሁለቱም ይውጣ፤ ምንም ክስ ባይኖርም። ጊዜ ባለፈ ቁጥር ምስክር ይሞታል፤ ይርጋም ይቆጥራል።

ግቢው ውስጥ የሚቀረው ሰው ደብተር ይያዝ። ኪራይ ሲቀበል ይጻፍ፣ ሲያወጣ ደረሰኝ ይያዝ። ይህ እሱን ከሐሜት ያድነዋል፤ ሌሎቹንም ከጥርጣሬ። ውጭ ያለው ሰው ደግሞ ለግንባታ ሲልክ በባንክ ይላክ፤ ለምን እንደላከም በመልእክት ይጻፍበት። ፈቃድ ያልወጣለት ግንባታ በክፍፍል ጊዜ ዋጋው ይወርዳል።

ሽማግሌ ይጠራ። ግን ሲጨርሱ ቀን፣ ገንዘብና ፊርማ ያለበት ወረቀት ይውጣ። ድርሻውን ለመሸጥ የፈለገ ወራሽ ከደላላ በፊት ለእህት ወንድሞቹ በጽሑፍ ያቅርብ። ቦታው በካርታ ይከፈል እንደሆነ ክስ ሳይከፈት ከይዞታ ክፍል ይጠየቅ፤ መልሱ የክርክሩን ግማሽ ይወስነዋል።

አሜሪካም ይሁን ዱባይ፣ እስራኤልም ይሁን ጀርመን ያላችሁ ወራሾች ደግሞ የሰጣችሁትን ውክልና አውጥታችሁ አንብቡት። «መሸጥ፣ መካፈል፣ መታረቅ፣ መክሰስና መከሰስ» የሚሉት ቃላት በግልጽ ከሌሉበት ወኪላችሁ በአስማሚው ፊት ተቀምጦ መፈረም አይችልም። ሁሉንም ሥልጣን ለአንድ ሰው መስጠት ካስፈራችሁ፣ ለዚያ ቤት ብቻ የሚሆን፣ ከዚህ ዋጋ በታች አይሽጥ ብሎ የሚገድብ ውክልና ማዘጋጀት ይቻላል።